ወሬኛው፣ ዝምተኛዋ እና ማዞሪያ

እናቴ በስልክ ትናገራለች እንጂ አትሰማም። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ከሞባይል የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ለእሷ የንብ ጩኸት ነው። ስለዚህ ትደውላለች፣ ያላትን ትናገራለች፣ መልሱን ሳትጠብቅ ትዘጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት እንዲህ ስትሆን ማየት ያሳዝናል። እሷ ግን «እኔ የድርሻዬን ሰምቻለሁ» ብላ ትገላገላለች።

ያን ሐሙስ ቢሮ ሳለሁ ደወለች።

«መስመሩ ከሰኞ ጀምሮ እንደተያዘ ነው» አለች። «ሰው እንዲህ አያወራም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ንጋትን ማግኘት አለብኝ። ሥራህን ጥለህ ና።»

ዘጋችው።

ንጋት እውነተኛ ስሟ አይደለም። እሷና እናቴ በስልክ ማዞሪያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ማንም የማይፈልገውን የንጋት ተራ የምትወስደው እሷ ስለነበረች የወጣላት ስም ነው። የእናቴ ደግሞ «ቶሎ» ነበር። ለምን እንደሆነ ከእሷ ጋር ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጡረታ ሲወጡ ንጋት ራቅ ወዳለ ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ሄደች፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን በኮምፒውተር ይገናኛሉ። እናቴ ትልቁን ሄድፎን ስታጠልቅ ይሰማታል፤ ያመለጣትን ደግሞ ከንጋት ከንፈር ላይ ታነባለች።

በማግስቱ ጠዋት ንጋት ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ሐኪሞቹ ዕጢውን ለማውጣት ድምፅ የሚወጣበትን ነገር አብረው እንደሚያወጡት ነግረዋታል። ትድናለች፤ ድምፅ ግን አይኖራትም። እንግዲህ የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ማለት እናቴ የጓደኛዋን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የምትሰማበት ሰዓት ማለት ነው። አለቃዬን በቅጡ ሳላስፈቅድ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኔትወርክ ነው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መስመሮች በሙሉ በእኔ እጅ ናቸው፤ ስም የሚባል ነገርም አልወድም። በእኔ ቢሮ ሁሉም ነገር ቁጥር ነው፦ ፎቅ፣ ክፍል፣ ተራ። አንድ ባልደረባዬ አንዱን ራውተር በፍቅረኛው ስም ጠርቶት ነበር። ሲጣሉ ተናዶ ስሙን ቀየረው፤ ግማሽ ፎቅ ከመስመር ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ያየሁበትን ሳጥን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ኮምፒውተሩ ያለው ድሮ እኔና ታናሽ ወንድሜ እንተኛበት በነበረው ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ሞባይሌ እዚያ ክፍል ሲገባ ትንፋሹ ይቆማል፤ በእኔ ስልክ አገናኝቼያት ልገላገል ብል እንኳ አይሆንም፤ ደጅ ወጥተን እንዳንሞክር ሄድፎኗ ስልኬ ላይ አይሰካም፣ ትንሽ ስክሪኑ ላይም ከንፈር አይነበብም። አልጋዎቻችን ወጥተው በቦታቸው የስፌት መኪናዋና የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ገብተዋል። ወንድሜ በምስማር የፋቀው መርከብ ግን ቀለም ሦስት ጊዜ ተቀብቶበትም አሁንም ግድግዳው ላይ ይታያል።

እናቴ ሄድፎኑን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ለሰው ቤት የምትለብሰውን ሹራብ ለብሳ፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ምሳ በልተሃል?»

ፊት ለፊቷ ቆሜ ጮክ አልኩ፤ እንዲህ ካልሆነ አትሰማም። «ምሳው ይቆየን እማዬ። የቱ ላይ ነው የምትገናኙት?»

«ትኩሱ ላይ ነዋ። ትኩሱ ሲያዝብኝ ወሬኛው ላይ። ዝምተኛዋን ግን አልወዳትም፤ መሀል ላይ ጥላኝ ትሄዳለች።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡትን የኔትወርክ ስሞች ከፈትኩ። ትኩሱ፣ ወሬኛው፣ ዝምተኛዋ፣ ነገ ተመለስ፣ ቀብራራው፣ ሌላም ሌላም። በመሀል በመሀሉ ደግሞ ኔትወርክ 2፣ ኔትወርክ 3፣ ኔትወርክ 4።

«ይኼን ሁሉ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኛ! እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ መለስኩ።»

እሱ የምትለው ኮምፒውተሩን ነው። አሮጌ ስለሆነ አዲስ መስመር ውስጥ ሲገባ ለዚህ ኔትወርክ ስም ስጡት ይላል። ሌላው ሰው እሺ የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። እናቴ ግን ከማዞሪያ ቤት ከወጣች ወዲህ ስለ መስመር አስተያየቷን የጠየቃት የለም፤ ቁጭ ብላ አስባበት ስም አወጣች። ስም አልመጣላት ያለ ቀን ማሽኑ ራሱ ቁጥር እየሰጠ ቀጠለ። ችግሩ፣ መስመሮቹ ከውጭ የሚታዩበት ስም ሌላ ነው፣ እሷ ያወጣችላቸው ሌላ። የቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የውጭ ስማቸውን ከኮምፒውተሩ ገልብጬ፣ ምልክታቸው የሚበረታበትን እየፈለግሁ፣ ሞባይሌን ይዤ ግቢውን ስዞር ቆየሁ። ተመልሼ ስገባ አልቦኛል።

«እማዬ፣ ወሬኛው የጎረቤት ፀጉር ቤት ነው!»

«ታዲያ ፀጉር ቤት ውስጥ ዝም ይባላል?»

«ዝምተኛዋ ፋርማሲው ናት። ትኩሱ ደግሞ ዳቦ ቤቱ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ትኩሱ ያልኩት?»

የሰው መስመር ለቅሜ ላውጣና ንጹሕ አድርጌ ልጀምር ብዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። እርሳው የሚለውን እየተጫንኩ፦ እርሳው፣ እርሳው፣ እርሳው። እየተናደድኩ ስለነበር ታች ያሉትን ስማቸውን እንኳ አላነበብኩም። ሲያልቅ ደስ አለኝ። እናቴ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስታይ ነበር።

«ማዞሪያንም አጠፋሃት?»

«ማዞሪያ ደግሞ የማናት?»

«የእኔ ናታ! ኮሪደሩ ላይ ያለችው። ያስገባት ሰውዬ ራሱ ነው በዚህ ስም የጻፈልኝ።»

እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። አየር ላይ ያሉትን መስመሮች ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ፣ ምልክቷ እስከ ጫፍ ሞልቶ፣ ማዞሪያ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትንሽዬ ጓጉንቸር አለች።

«እንዲህ ያለ መስመር እቤትሽ እያለ ለምን በዳቦ ቤቱ ታወሪያለሽ?»

«ተይዟላ!» በጣቷ ጓጉንቸሯን ነካች። «ይኸው፣ አይታይህም? ተዘግቷል። ሰው እያወራበት ዘው ብዬ ልግባ?»

«ማን ነው በአንቺ ዋይፋይ የሚያወራው?»

«ወንድምህ መስሎኝ። እሱ ወሬ መች ይጠላል።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። መስመሩን ያስገባው ሠራተኛ ራሱ አገናኝቷት ሄዷል። እሷ ከንጋት ጋር አውርታ ስትጨርስ አቋርጥ የሚለውን ተጫነች፤ በማዞሪያ ቤት ወሬ ሲያልቅ ገመድ ይነቀላል፣ ገመድ ሳትነቅል የተነሳች ኦፕሬተር ተቆጣጣሪዋ ፊት ትቆማለች። ኮምፒውተሩም ታዞ ከዚያ ወዲህ በራሱ መገናኘቱን ተወ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስትከፍተው ጓጉንቸሯን አየች። በእሷ ቋንቋ ዝግ ማለት የተያዘ ማለት ነው፤ በተያዘ መስመር መግባት ነውር ነው። ጓጉንቸር የሌለበትን ፈልጋ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞረች። የራሷ ሳጥን ኮሪደሩ ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ እሷ ይህን ሁሉ ጊዜ በመስኮት በሾለከ የሰው ዋይፋይ ስታወራ ኖራለች። ፀጉር ቤቱም ፋርማሲውም ሌሎቹም ቀድመው ዘግተው ነበር፤ ሰኞ ዕለት ዳቦ ቤቱም ጓጉንቸር አደረገበት። ይኸው ነው ታሪኩ።

አንዴ ጠቅ ብናደርጋት ማዞሪያ ትከፈት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ፓስወርዱን ያስታውስ ነበር። እኔ ባለሙያው ነኝ እርሳው ያልኩት።

«ፓስወርዱ ምንድን ነው እማዬ?»

«የምን ፓስወርድ?»

«ሰውዬው ሲያስገባልሽ አንድ ነገር አላስጻፈሽም?»

«አስጽፎኛል። የማትረሺውን ነገር ጻፊ አለኝ።»

«እና ምን ጻፍሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ረሳሁት» አለች።

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ዘጋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የሳጥኑን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወግቼ ወደ ፋብሪካው ስሪት ልመልሰው ብል መስመሩን ያስገባው ድርጅት ቅንብር ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ እነሱ እስኪመጡ መስመር የሚባል ነገር የለም። ሞባይሌን ይዤ ደጃፉ ላይ ወጣሁና ለድርጅቱ ደወልኩ። ማሽን አነሳው። ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ አለኝ፤ ከዚያ ሙዚቃ። እናቴ ተከትላኝ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ይላል?»

«ይጠብቁ ይላል።»

«አቤት ሳይል?»

«አቤት አይልም፣ ማሽን ነው።»

በንቀት ራሷን ነቀነቀች። «እኛ ጋ ሰው ከማስጠበቅሽ በፊት አቤት ትይዋለሽ። መኖሩን ያውቃላ! ከዚያ ቢጠብቅም አይከፋው።»

ሙዚቃው ቀጠለ። እሷም ቀጠለች፤ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ስታወራ ከሰማኋት ስንት ዓመቴ። አንድ ረጅም ክፍል ነበር አለች፣ ሴቶቹ በተርታ፣ ፊታቸው ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ ትንንሽ አምፖል። የእያንዳንዱን ደንበኛ ቁጥር ያውቁታል፤ ሲጠሩት ግን በቁጥር አልነበረም። እንቅልፋሙ፣ ባለ ሳሏ፣ ሚስቱን ፈሪው። ከኋላቸው ተቆጣጣሪዋ በተረከዘ ሹል ጫማ ቋ ቋ እያለች ትመላለሳለች። እርስ በርስ ማውራት ክልክል ነው።

«ንጋት መች ዝም ትልና! በጥፍሯ የመነጋገሪያውን አፍ ትመታዋለች። አንድ ጊዜ ከመታች አለሁ ማለቷ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሦስት ጊዜ ከሆነ ልስቅ ነው፣ አድኚኝ።» ጥፍሯን ደረጃው ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ መታችና ብቻዋን ሳቀች።

ሙዚቃው ቆመና ሰው መጣ። ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ችግሬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፓስወርድ ለመቀየር ሠራተኛ መላክ እንዳለባቸው፣ ሠራተኛውም ነገ ከሰዓት እንደሚመጣ ነገረችኝ። እናቴ ከንፈሬን እያየች ነበርና ምን እንደተባልኩ መንገር አላስፈለገኝም።

ገብተን ተቀመጥን። ሄድፎኑን ከአንገቷ አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ተወው ልጄ። አንተ ምን ታደርግ።» ገመዱን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ብቻ እሷ ትጠብቀኛለች። ቶሎ ዛሬ ቀረች ትላለች። አንድም ቀን ቀርቼባት አላውቅም።»

አንጀቴን በላችኝ። ሙያ ያለው ልጅ አለኝ ብላ ነው የጠራችኝ፤ እኔም መጥቼ የነበራትን አንድ በር ዘጋሁባት። ስክሪኑ ላይ ማዞሪያ ፓስወርድ አስገቡ እያለች ባዶ ሳጥኗን ይዛ ትጠብቃለች። የማላውቀውን ከምገምት ብዬ ዞር ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው መርከብ ላይ አረፈ። እዚህ ነበር አልጋዬ። እናቴ ከማታ ተራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ እንቅልፍ እንደወሰደን ታያለች። እኔ አልተኛም። ከወጥ ቤት ደብቄ ያመጣሁትን ጭልፋ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጠብቃታለሁ። ሃሎ፣ ማዞሪያ? እላለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ሃሎ ሲሏት ቆይታ የመጣች ሴት አንድም ቀን ደክሞኛል ብላኝ አታውቅም።

ጭልፋ አልነበረኝም። እጄን ጨብጬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ወደ እሷ ዞርኩ።

«ሃሎ፣ ማዞሪያ?»

አየችኝ። መጀመሪያ ያበድኩ መሰላት። ከዚያ ወገቧ ቀና አለ፣ ድምፅዋም ተቀየረ፤ ቀጠን ብሎ፣ ጠራ ብሎ፣ የልጅነቴ ድምፅ ሆነ።

«አቤት፣ ማዞሪያ። የት ላገናኝዎት?»

ድሮ የምጠይቃት አባቴን ነበር፤ ሾፌር ስለነበር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ታገናኘኝና እሷው በወፍራም ድምፅ አባቴን ሆና ታወራኛለች።

«ንጋትን ነበር የምፈልገው» አልኩ።

«አይዝጉ፣ አገናኛለሁ።»

ይህን ብላ አፏ ትንሽ እንደተከፈተ ቀረ።

«እንዴ!» አለች። «ለሰውዬውም ይኼንኑ እኮ ነው የጻፍኩለት። የማትረሺው ሲለኝ ሌላ ምን አለኝ?»

በእጇ ገፋ አድርጋ ከወንበሩ አስነሳችኝ። በአንድ ጣት፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አይዝጉ አገናኛለሁ የሚለውን ሳታከፋፍል ጻፈችው። ጥቁር ነጠብጣቦች ተደረደሩ። ጓጉንቸሯ ሄደች።

አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። የንጋት ፊት ስክሪኑን ሲሞላው አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል። እናቴ ሄድፎኑን እስከ መጨረሻው ስለምትከፍተው ለእኔም ይሰማኛል።

«ቶሎ! ዛሬስ ስምሽን ቀይሪው!»

«የልጄ ጥፋት ነው። መስመሮቼን ሁሉ አጠፋብኝ።»

«እሱ ጭልፋው ልጅ?»

«እሱው!»

ልወጣ ነበር፣ እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ስለ በሽታ ይላቀሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ንጋት ግን ያላትን ድምፅ ሌላ ነገር ላይ ልታውለው አስባ ነው የመጣችው። እንቅልፋሙን ሆነች፤ እያዛጋ ቁጥሩን የሚረሳውን። ባለ ሳሏን ሆነች። ሚስቱን ፈሪውን ስትሆንማ እናቴ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። ተቆጣጣሪዋንም አልማረቻትም። በየመሀሉ ውኃ ትጎነጫለች፣ ጉሮሮዋን ትይዛለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። የዚያ ሁሉ ሰሌዳ ሰው በተሰነጠቀ ድምፅ አንድ በአንድ መጣና ተሰናበተን። በመጨረሻ ደከማት።

«በቃ፣ አለቁ» አለች።

«አንድ ቀርቷል» አለች እናቴ። «ስሜን ጥሪኝ።»

ንጋት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ቶሎ» አለች። ውኃ ተጎንጭታ ደግሞ፣ «ቶሎዬ።»

ሲጨርሱ እናቴ አቋርጥ የሚለው ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየችና ተጫነችው። ጓጉንቸሯ ተመለሰች። «አልተያዘም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አልተያዘም አልኳት። እኔ ፊቴን ለመታጠብ ወጣሁ፣ እሷም ለብቻዋ አለቀሰች።

ንጋት ሆስፒታል ስለነበረች ቀጣዩ ሐሙስ ባዶ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሐሙስ ማንም ሳይጠራኝ መጣሁ። ምናልባት መስመሩ እንዳያስቸግር ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እናቴ ማዞሪያን በራሷ ከፍታ ጠበቀችኝ። ንጋት ትራስ ተደግፋ፣ አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከስታ ታየች። እናቴ እንዴት ነሽ አለቻት። ንጋት ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤቷን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ወንድሜን፣ ያላትን ወሬ ሁሉ እናቴ ነገረቻት። ወሬው አለቀ። ሁለቱም ዝም ብለው ይተያያሉ። ዝምታው ረዘመብኝ፤ ለእናቴ አዘንኩና ልገላግላት ብዬ አቋርጥ ወደሚለው እጄን ሰደድኩ።

እጄን በጥፊ መታችኝ።

«እጅህን ሰብስብ! እያወራን እኮ ነው።»

ያኔ ነው የሰማሁት። ከሄድፎኑ ውስጥ፣ ጥፍር ማይክሮፎን ሲነካ፣ አንድ ጊዜ ቋ አለ። እናቴ ጎንበስ አለችና በጥፍሯ አንድ ጊዜ መለሰች። ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ እናቴም በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ተቆጣጣሪዋ እንዳትሰማት፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።